ጃንሜዳ ድንኳን ተከልን፤ የፈለግናቸው ልጆች ግን በፊታችን አለፉ

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በአንድ ማኅበር ውስጥ ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ያደግን ልጆች ነን። ሕግ የተማሩ አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከየኪሳችን እያዋጣን ስለ ሰብአዊ መብት እናስተምራለን። የተበደለ ሰው ሲመጣ አብረነው ጣቢያ እንሄዳለን፣ ማመልከቻ እንጽፍለታለን። ረጂ ድርጅት የለንም፣ መኪና የለንም። ያለን ቲሸርት ነው፣ እሱም አንድ ጊዜ ታጥቦ ጽሑፉ ለቋል። ሁሉንም ነገር ከምንነካካ አንድ ጉዳይ እንያዝ ተባባልንና የቤት ሠራተኞችን ያዝን።

ለምን ጥምቀት ላይ? በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከግቢ የምትወጣው ዳቦ ለመግዛት ወይ እህል ለማስፈጨት ነው። እሑድ ቢሆን እንግዳ አለ። ጥምቀት ላይ ግን ትለቀቃለች። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚለው ለእሷም ይሠራል። ቀሚስ ይገዛላታል (ከደመወዟ ይቆረጣል፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው)፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ጃንሜዳ ትመጣለች። እነዚህ ልጆች እንዲህ በአንድ ሜዳ ተሰብስበው የሚገኙበት ሌላ ቀን እኔ አላውቅም።

አምና ከስድስት ኪሎ ወደ ጃንሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንኳን ተከልን። ትልቅ ባነር ሰቀልን፦ “ነፃ የሕግ ምክር”። በራሪ ወረቀት በካርቶን ይዘናል። ማን መጣ መሰላችሁ? ጡረታቸው የተቋረጠባቸው አባት። ከወንድሙ ጋር በውርስ ቤት የተካሰሰ ሰው፣ ካርታውን በፌስታል አንጠልጥሎ። ሚስቱን መፍታት የፈለገ ጎልማሳ፣ ያውም በጥምቀት ቀን! የሚጠጣ ውኃ የሚለምን ብዙ፣ ስልክ ቻርጅ ላድርግ የሚልም አልጠፋም። ምን ይደረጋል፣ ሁሉንም አስተናገድን። ልጆቹ ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በፊታችን አለፉ። ወረቀት ሲሰጣቸው ይቀበላሉ። ራቅ ሲሉ ይጥሉታል። አንዷ ለሎሚ ሻጭ ሰጠችው፣ እሱም ሎሚ ጠቀለለበት። ቢያንስ አንድ ሰው ተጠቀመበት።

ዘንድሮስ? ድንኳኑ ይቅር? ወረቀቱስ? በዓሉን ሳንረብሽ እንዴት እናግኛቸው? በተለይ በሰው ቤት ሠርታ የምታውቅ እህት ካለች እሷ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል።

*

አራዳ 01

እኔ የሚገርመኝ በዓል ላይ ስብሰባ ምን ያደርጋል? ሕዝቡ ታቦት ሊሸኝ ነው የመጣው። ማይክ ጨምሩበትና ይለይለት።

*

የማታ ተማሪ

እህቴ፣ እኔ ሠርቻለሁ። የመጣሁት ከጎጃም ነው። መጀመሪያ ሰባ ደረጃ አካባቢ፣ ከዚያ ቀበና። የልጅነቴ ዘመን በሰው ቤት ነው ያለቀው። ማታ ማታ ተምሬ አሁን አምስት ኪሎ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው። የጻፍሽውን አንብቤ ሳቅሁም፣ ተናደድሁም። ቅር አይበልሽ፣ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ከባነሩ ልጀምር። “ነፃ የሕግ ምክር” የሚለውን ያነበበች ልጅ፣ ማንበብ ከቻለች፣ የሚታያት ክስ ነው። ክስ ማለት ጣቢያ ነው። ጣቢያ ማለት ለእኛ “ወርቅ ሰርቃለች” የተባለችዋ የምትታሰርበት ነው። ከዚያ ተያዥሽ ይጠራል። ተያዧ አክስትሽ ናት። አክስትሽ ደግሞ ከአገር ያመጣችሽና ለደላላው ያስረከበችሽ ናት። ታዲያ የትኛዋ ልጅ ናት በአዲስ ቀሚሷ፣ ፖሊስ በቆመበት መንገድ ዳር፣ እንዲህ ያለ ባነር ስር የምትቀመጠው? የአገሯ ልጅ ቢያያትስ? ማታውኑ ወሬው እመቤቷ ጋ ይደርሳል።

ወረቀቱን እርሱት። ቤት ይዛው አትገባም። ከበዓል ስትመለስ ቦርሳዋ ይታያል። እኔ ጋ “ከማን ጋር ዋልሽ” የሚል ጥያቄም ነበረበት። ስልክ ቁጥርም ቢሆን ያው ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ስልክ አላቸው፣ ግን ማታ እመቤቷ ጋ የሚያድር ስልክ አለ።

ሰዓቱንም አስቡበት። ከተራ ዕለት አትድከሙ። ጥር 10 ያቺ ልጅ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ጥር 11 ጠዋት ትመጣለች፣ ግን ብቻዋን አይደለም። ሕፃን አዝላ፣ ምንጣፍ ተሸክማ፣ ከእመቤቷ ኋላ ኋላ ነው የምትመጣው። ያን ጊዜ ካናገራችኋት ማታ መልስ መስጠት ያለባት እሷ ናት። ታቦታቱ ወደየደብራቸው ሲመለሱ፣ ቤተሰቡ ምሳ ከበላና ሳህኑ ከታጠበ በኋላ፣ ያኔ ትወጣለች። ከሁሉ ግን ጥር 12 ይሻላል። የሚካኤል ታቦት የሚገባ ዕለት ትልልቆቹ ደክሟቸው ቤት ይቀራሉ። ያ የእኛ ቀን ነው። አምና በ12 ድንኳኑ ነበር? አይመስለኝም።

የት ይገኛሉ ላልሽው፣ ጭፈራው ውስጥ ነው። የጎጃም ልጅ የጎጃሙን ክብ ትፈልጋለች፣ የወሎዋ የወሎውን፣ የጉራጌዋ የጉራጌውን። ዓመቱን ሙሉ በአገሯ ዘዬ ያላወራች ልጅ እዚያ ነው አፏ የሚፈታው። ከእናንተ ውስጥ ሴቶቹ ቲሸርቱን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ይግቡና ያጨብጭቡ። ሲደክማቸው ሸንኮራ እየበሉ አጠገቧ ይቀመጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ “ደመወዝሽ ማን ጋ ነው?”

ይህቺን ጥያቄ አደራ። ስለ ሕገ መንግሥት አትጀምሩ። ብዙዎቻችን መልሳችን “እትዬ ጋ ተቀምጦልኛል” ነው። ስንት ደርሷል ቢሏት አታውቅም። እኔ በየወሩ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰምር ነበር። እናቴ ታመመች ተብሎ ልሄድ ሂሳቤን ስጠይቅ ቀሚሱ ተቆጠረ፣ ጫማው ተቆጠረ፣ የሰበርሁት ብርጭቆ ተቆጠረ፣ የታከምሁበት ተቆጠረ። መጨረሻ ላይ ባለዕዳ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

ማን እንዳስከፈለኝ ታውቂያለሽ? ፍርድ ቤት አይደለም። የንስሐ አባታቸው ናቸው። በወሩ ለጸበል ሲመጡ ቡና ሳቀርብ ዓይኔ አብጦ አዩኝ። “ምን ሆነሽ ነው ልጄ” አሉኝ፣ እመቤቴ ፊት። ነገርኋቸው። በርሜሉን ራሳቸው ገፋ አድርገው መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሴትዮዋ አፍራ እንጂ አምናበት አልነበረም የከፈለችው። ግን ከፈለች።

ስለዚህ የምለው ይኸን ነው። እናንተ ልጆቹን ስትፈልጉ፣ እመቤቶቹ እዚያው ሜዳ ላይ እኮ ናቸው። ነጠላ አጣፍተው እልል እያሉ። ደመወዙ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው። መብቷን የማታውቀውን ልጅ ብቻ አስተምሮ ወደዚያው ቤት መላክ ምንድን ነው ጥቅሙ? ጠይቃ ትባረራለች። ሃይማኖታችሁን ይዛችሁ የወጣችሁ ማኅበር ከሆናችሁ፣ ሌላው የማይደፍረውን ለእነሱ መናገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ሌላው፣ በዓሉ ሲያልቅ የት ታገኛችኋለች? ቢሮ እንዳትሉኝ። ቢሮ አትመጣም። ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጉልት፣ የማታ ትምህርት ቤት በር፣ እነዚህ ናቸው የእሷ መንገዶች። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ የፒያሳው ሰው ስለተበተነ እንጂ ድሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የማይሰማ ጉድ አልነበረም። ወፍጮ ቤት የምትሠራውን ሴት፣ ጉልት የምትቸረችረውን እናት አስተምሯት። ልጅቷ ለእሷ ትነግራለች፣ እሷ ለእናንተ ትደውላለች። እኔም አለሁ፣ ከቡናዬ ጋር።

*

የሦስት ልጆች እናት

ጽሑፍሽ ልቤን ነክቶታል ልጄ። ግን ሁላችንንም በአንድ ወፍጮ አትፍጪን። እኔ የልጅቷን ደመወዝ የያዝሁት እሷው “ያዢልኝ፣ ወንድሜ ይወስድብኛል” ስላለችኝ ነው። መታወቂያ የላትም፣ ባንክ ደብተር አይከፍትላትም። ምን ላድርግ? በዚያ ላይ እኛም ተከራይ ነን። ቢሮ ውዬ እገባለሁ፣ የእሷ ደመወዝ ከእኔው ደመወዝ ነው የሚወጣው። ድንኳን ሥር ሆናችሁ “በዳይ” ካላችሁኝ አልፌ ነው የምሄደው።

*

የማታ ተማሪ

እትዬ፣ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ ደጓ። ደግ ቤትም አይቻለሁ፣ ቀበና ያለችዋ ሴትዮ ናት ማታ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ፣ ደብተሬንም ገዝታ። ግን ለያዙላት ደመወዝ ደብተር አለዎት? በየወሩ ጽፈው ያሳዩአታል? ማንበብ ባትችል ለምታምነው ሰው ያስነብቡላታል? ይህን የሚያደርጉ ከሆነ ማንም በዳይ አይልዎትም። መታወቂያውን ግን ይዘዋት ሄደው ያስወጡላት። ፋይዳ ለማስመዝገብ እኮ አንድ ከሰዓት ነው የሚፈጀው።

*

ጠበቃ ከልደታ

ጥሩ ውይይት ነው። የሕጉን ነገር በአጭሩ ላስቀምጥ፣ በጎ ፈቃደኞቹ የማይሆን ተስፋ እንዳይሰጡ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው አይሸፍንም። የእነሱ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፈው። ስለዚህ “የሠራተኛ ሕጉ ዓመት ፈቃድ ይሰጥሻል” እንዳትሉ። ይህ ማለት ግን ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር ሠራተኛ ጤናና ደኅንነት እንዲጠበቅ ግዴታ ይጥላል። ውሉ በቃል ቢሆንም ውል ነው። ደላላውና ተያዡ ምስክር ይሆናሉ። የከሰሉ መስመርም፣ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ብሆን ፎቶ አንሥቼ ከማስረጃዬ ጋር አያይዘው ነበር።

ዕድሜ ጠይቁ። በዚሁ አዋጅ የሥራ መነሻ ዕድሜ 15 ነው፣ በፊት 14 ነበር። የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጅ “ዘመዴ ናት፣ ላስተምራት ነው ያመጣኋት” ተብላ ሕፃን ስታዝል ካያችሁ ነገሩ የደመወዝ ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸው እንዳይበዘበዝ ይጠብቃል። ልጅቷ ተታልላና ለብዝበዛ ተብላ መጥታ ከሆነ ደግሞ አዋጅ 1178/2012 አለ። በሰው መነገድ የሚባለው ድንበር ሲያሻግሩ ብቻ አይደለም። ከገጠር አዲስ አበባም ይሆናል።

“ሰርቃለች” የሚለው ነገር በጣም የተለመደ ነው፣ በተለይ ደመወዝ በጠየቀች ማግሥት። ለልጆቹ ይህን ብቻ በቃላቸው አስይዟቸው፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19። አለመናገር መብቷ ነው። ያላነበበችው ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ከተከሰሰች ደግሞ ጠበቃ ማቆም አቅቷት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምላታል፣ አንቀጽ 20።

አረብ አገር እንላክሽ የሚል ደላላም ጃንሜዳ ላይ አይጠፋም፣ ቆንጆ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይጠይቃል፣ ዕድሜም 18 መሙላት አለበት። በዕድሜ ላይ ዕድሜ ጨምሮ የሚያስወጣት ሰው ሌላም ነገር ይዋሻታል።

ለሕግ ድጋፍ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው፣ ከጃንሜዳ ቅርብ ነው። በነገራችን ላይ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621/2001 በነበረበት ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ስለነበር የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በአዋጅ 1113/2011 ያ ገደብ ተነሣ። ከኪሳችሁ ማዋጣታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ዘንድሮ ሕጋዊ ምዝገባችሁን አስቡበት።

*

ዲያቆን ነኝ

እኅቶቼ፣ ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ፈቃድ። የጃንሜዳው መርሐ ግብር በአስተባባሪ ኮሚቴና በሀገረ ስብከቱ ነው የሚመራው። የደብራችሁን ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ካልሄዳችሁ በበዓሉ ዕለት ማንም አያያችሁም። በወረቀት ላይ የቅዱሳን ሥዕል አታትሙ። ሰው ረግጦት ያልፋል፣ ከዚያ የሚመጣውን ቁጣ አትችሉትም። ይህን የምለው አይቼ ነው፤ የሌላ ማኅበር ልጆች ናቸው፣ ማታ በባትሪ ሲለቅሙ አመሹ።

ሁለተኛ፣ የማታ ተማሪ ያለችው ትክክል ነው። እኔም የምጨምረው የንስሐ አባትን ነገር ነው። ከካህን በቀር የሰው ቤት ጓዳ ድረስ የሚገባ ማን አለ? ጸበል ይረጫል፣ ማዕድ ይባርካል፣ ልጅቷንም ያያታል። ግን ብዙዎቹ አባቶቻችን እሷን አይጠይቁም፣ ምክንያቱም የንስሐ ልጃቸው እመቤቲቱ እንጂ እሷ አይደለችም። የእሷ የንስሐ አባት አገር ቤት ነው ያለው። ድንኳን ከምትተክሉ ለየደብሩ ካህናት አንድ ከሰዓት በኋላ ሥልጠና ብትሰጡ ይሻላል። ሦስት ጥያቄ ይበቃቸዋል። ልጂቱ ስንት ዓመቷ ነው? ደመወዟ በእጇ ይገባል ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ ከእናቷ ጋር ያወራችው መቼ ነው?

ስብከቱንም ተዉልን፣ እሱ የእኛ ሥራ ነው። ኦሪት ዘዳግም 24 ላይ የድሀውን ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ይህን ጥቅስ ስለ ነጋዴና ስለ ባለ ፋብሪካ ስንሰብከው ሰምቻለሁ። ስለ ጓዳችን ግን ስንሰብከው ሰምቼ አላውቅም። ለአራዳ 01፦ ማይክ አያስፈልግም ወንድሜ፣ ማይኩ አስቀድሞ አለ።

*

የበኒ ሰፈር ልጅ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ጉዳዩ የሁላችንም ነው። እኛም ጋ ዒድ ላይ ስታዲየም ዙሪያ ሠራተኞቹ ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ናቸው። ከጀመዓችን ሴቶቹ ያደረጉት ጠረጴዛ መዘርጋት አይደለም። ሴቶች ከሚሰግዱበት ጫፍ ላይ ሆነው ቴምርና ውኃ ያድሉ ነበር። ውኃ ስትቀበል ወሬ ይጀመራል። ለአሠሪዎቹ ደግሞ በጁምዓ ኹጥባ ላይ የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት የሚለው ሐዲስ ተነሣላቸው። አንዳንዱ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፣ ዋሽቼ ምን ላድርግ።

አንድ ነገር ግን። የእኛዋ ልጅ እናንተ ሰፈር ትሠራለች፣ የእናንተዋ እኛ ጋ ትሠራለች። ወፍጮ ቤቷን ሴት ስታስተምሩ ይህንንም አስቡበት። በጾሟ ቀን የምትሰቃይ፣ ለስግደት ወይ ለቅዳሴ የማትለቀቅ ልጅ አለች። የሃይማኖት ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ለእሷም ነው።

*

አራዳ 01

እሺ፣ ተሸነፍሁ 😄 የሻይ ብር እኔ አለሁ።

*

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ማኅበሩ ተሰብስቦ ይህን ሁሉ አነበብንላቸው። የሕግ ልጆቹ ባነሩን ማጣት አልፈለጉም ነበር፣ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ድንኳኑ ይቀራል። ጥር 11 ከሰዓትና ጥር 12 ሴቶቻችን ያለ ቲሸርት ጭፈራው ውስጥ ይገባሉ። ወንዶቹ ውኃ ያድላሉ፣ ማንንም ሴት አያናግሩም (ይህችን እኔ ነኝ ያስጨመርኋት)። የሚጠየቀው ያው የደመወዙ ጥያቄ ነው። የሚነገረውም አንድ ቦታና አንድ ሰው ነው እንጂ የሕግ አንቀጽ አይደለም።

ለካህናቱ ሥልጠና ከታኅሣሥ ጀምሮ በሁለት ደብር እንሞክራለን፣ ዲያቆን ደብዳቤውን አብረን እንጻፈው። ለአሠሪዎች ደግሞ የሦስት ልጆች እናት ባሉት ተነሥተን ትንሽ የደመወዝ ደብተር እናሳትማለን። በየወሩ አንዱ ቅጂ ለእሷ፣ ሌላው ለአሠሪዋ፣ በካርቦን። ሥዕል የለውም። እትዬ፣ የመጀመሪያዋን ለእርስዎ አስቀምጣለሁ።

የማታ ተማሪ፣ ቅዳሜ አምስት ኪሎ እመጣለሁ፣ ቡናውን አፍዪ።

አሁን የጎደለን ሰው ነው። ኦሮምኛ፣ ከምባትኛ ወይም ሐዲይኛ የምትናገር፣ ጭፈራ የማትፈራ፣ ጥር 12 ከምሳ በኋላ ነፃ የሆነች እህት ካለች በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ። ጉራጊኛ የሚችሉ ሁለት አግኝተናል።